ከባነሩ በፊት ፔሮሉን አሳዩኝ

አንድ ነጋዴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ለበዓል የሚያከፋፍለውን ዘይትና ዱቄት አትዩ። ደመወዝ በስንት ቀን እንደሚከፍል ጠይቁ። ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያዘገየው የማንን እንደሆነ ጠይቁ። የባንኩን ነው? የአከራዩን ነው? ወይስ የጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን?

እኔ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። የትንንሽና የመካከለኛ ድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ። ስለዚህ ይህን ጉዳይ የማየው ከመዝገቡ በኩል ነው። ዛሬ የምጽፈውም «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚለው ነገር ከዓመት ዓመት እየገነነ ስለመጣና የሚወራበት መንገድ ስላላረካኝ ነው። ባንኩም፣ ፋብሪካውም፣ ሪል ስቴቱም በዓመታዊ ሪፖርቱ አንድ ገጽ ይመድብለታል። ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳ፣ ለተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፤ ደብተር ያጣ ልጅ ደብተር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ኃላፊነቱ ከየት እንደሚመነጭ ነው። ከማስታወቂያ ክፍሉ ከመጣ፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ይሆናል። ከባለቤቱ ከራሱ፣ ካደገበት ቤት፣ ከሚያምነው፣ አንድ ጊዜ ካንገበገበው ነገር ከመጣ ግን በክፉ ቀንም አይጠፋም።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ቶሎ ትዝ የሚሉኝ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። አሮን ፎየርስታይን ይባላሉ። ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሎረንስ በምትባል የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ የቤተሰባቸውን ፋብሪካ ያስተዳድሩ ነበር። ስሙ ማልደን ሚልስ ነው፤ አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1906 የጀመሩት። ብርድ ሲሆን ደረብ የምናደርገው ቀለል ያለ፣ ሞቅ የሚያደርግ የፍሊስ ጃኬት አለ አይደል? ጨርቁን ፖላርቴክ ብሎ ገበያ ያወጣው ይህ ፋብሪካ ነው። በአካባቢው የነበሩት ሌሎቹ ፋብሪካዎች ርካሽ ጉልበት ፍለጋ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ግዛቶች፣ በኋላም ወደ ውጭ አገር ነቅለው ሲሄዱ እሳቸው እዚያው ቀሩ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1995 ሰባ ዓመት የሞላቸው ቀን ነበር። በዚያው ምሽት ፋብሪካው ተቃጠለ። ትልልቅ ሕንፃዎች ወደሙ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ፤ ደግነቱ የሞተ አልነበረም። የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ሦስት ሺህ ገደማ ሠራተኛ የነበረው ድርጅት ነው፣ ከተማዋ ደግሞ እንኳን ይህ ተጨምሮባት ድሮም ሥራ የጠፋባት ናት። ሽማግሌው የመድኑን ገንዘብ ይዘው ጡረታ ቢወጡ፣ ወይም ፋብሪካውን ጉልበት ወደረከሰበት አገር ቢያዞሩት ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ሕግም አይከለክላቸውም።

እሳቸው ግን በቀናት ውስጥ ሠራተኛውን በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ሰብስበው ተናገሩ። ፋብሪካውን እዚሁ መልሰን እንሠራዋለን አሉ። እስከዚያው ለመጪዎቹ 30 ቀናት ደመወዛችሁ ሳይጎድል ይከፈላችኋል አሉ። ሠላሳው ቀን ሲያልቅ ሌላ ወር ጨመሩ። እሱም ሲያልቅ ሌላ። የጤና መድናቸውም አልተቋረጠም። ብዙው ማሽን አመድ ሆኖ፣ ገቢ ተቋርጦ፣ ላልተሠራ ሥራ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ወጣ። በቀጣዩ ወር ፕሬዝዳንት ክሊንተን ለምክር ቤቱ ዓመታዊ ንግግራቸውን ሲያደርጉ እኚህ ሰው የክብር እንግዳ ሆነው ተቀምጠው ነበር።

ለምን እንዲህ አደረጉ ተብለው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ከንግድ ትምህርት ቤት የተቀዳ አይደለም። አጥባቂ አይሁዳዊ ነበሩ፤ የሚጠቅሱት ቤታቸው ውስጥ የተማሩትን ነው። ድሃውን ምንደኛ አትበድል የሚለውን የኦሪት ቃል ይጠቅሳሉ። ሰው በሌለበት ቦታ አንተ ሰው ለመሆን ጣር የሚለውን የጥንቱን የአይሁድ መምህር የሂለልን ትምህርትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ይህ ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ የምንደኛውን ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ በቀኑ ስጠው የሚለው በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ባለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ሙስሊም ወዳጆቼ ደግሞ የሠራተኛውን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን ሐዲስ በቃላቸው ያውቁታል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ጊዜ ነው። ስጥ ብቻ አይሉም፤ በቀኑ ስጥ ይላሉ። ድሃ ገንዘቡን የሚፈልገው ዛሬ ማታ ስለሆነ። አርብ መስጊድ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሰማነው ይህ ቃል ሰኞ ጠዋት ከኛ ጋር ቢሮ ይገባል ወይ? እኔ ስለ ንግድና እሴት ሲወራ የምጠይቀው ጥያቄ ይኼ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ፤ ታሪኩ በደስታ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማልደን ሚልስ ዕዳውን መሸከም አቅቶት ከአበዳሪዎች የሚከልለውን የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠየቀ። ከኪሳራው ሲወጣ ድርጅቱ አበዳሪዎቹ እጅ ገባ። ሽማግሌው መልሰው ሊገዙት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። በ2007 ድጋሚ ከሰረ፣ ተሸጠ፣ ስሙም ፖላርቴክ ተባለ። ከዓመታት በኋላ አዲሶቹ ባለቤቶች የሎረንሱን ምርት ዘግተው ወደ ቴኔሲ ወሰዱት። አሮን ፎየርስታይን በ2021 በ95 ዓመታቸው አረፉ።

«ይኸው፣ ደግነት ያከስራል» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ሲያገኝ አይለቀውም። እኔ ግን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳየው ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ነው የሚታዩኝ። አንደኛው የሦስት ወሩ ደመወዝ ነው። ሁለተኛው ግንባታው ነው። መድኑ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ፤ አዲሱ ፋብሪካ ግን ከዚያ በጣም በለጠ፣ ልዩነቱም በብድር ተሞላ። ግንባታው እስኪያልቅ ደግሞ አንዳንዱ ደንበኛ ሌላ አቅራቢ ለምዷል። ርካሽ፣ ተመሳሳይ ፍሊስም ገበያውን ሞልቶታል። ደመወዙን ከዚህ ሁሉ ጋር ብታስተያዩት ትንሽ ነው፤ ድርጅቱን የጣለው ብድሩ ነው። ጥሩ ሰው መሆን የወለድ መጠን አይቀንስም፤ ይህን ማመን አለብን። ነገር ግን ለብድሩ ጥፋት ደመወዙን መክሰስ ሒሳብ አለማወቅ ነው። ያ ሠራተኛ እኮ በተረፉት ማሽኖች በሳምንታት ውስጥ ማምረት ጀምሯል። ልቡ ሳይሰበር ስለቆየ ነው የምለው እኔ።

አሁን ወደኛው ሰፈር ልምጣ።

ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ ያላቸው አንድ ደንበኛ አሉኝ፤ እናቴ የሚሆኑ ሴት። ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸውም አይወዱም። ሥራ የሚሰጧቸው ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም ከዚያ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ክሩን ከሱቁ ይወስዳሉ፣ በየቤታቸው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ይሸምናሉ፣ ነጠላውን ወይም የቀሚሱን ጨርቅ አጣጥፈው ያመጣሉ። ክፍያው በሠሩት ልክ ነው።

ሴትየዋ እኔ በኮምፒውተር ከምይዘው መዝገብ ሌላ ባንኮኒው ስር የሚያስቀምጡት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አላቸው። በቀይ እስክሪብቶና በማስመሪያ ራሳቸው ያሰመሩት ነው። አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ብዛት፣ የጥለቱ ዓይነት፣ የተከፈለ። በቃ። በዚህ ሥራ ላይ ባሉ ሌሎች ሱቆች ያየኋቸው ደብተሮች አምስተኛ ዓምድ አላቸው፤ «ቀሪ» የሚል። ብዙ ጊዜ በጣም የተጻፈበት ዓምድም እሱ ነው። እሳቸው ጋ የለም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የነገሩኝ ይህን ነው።

«አባቴ ሸማኔ ነበር፣ ልጄ። ነጠላውን አጣጥፎ ይዞ ይወጣል። ነጋዴው ዕቃውን ይቀበልና ‘ነገ ና’ ይለዋል። ነገም ሲሄድ ‘ነገ ና’ ነው። እኛ ቤት ሽሮው የሚሠራው በዚያ ነገ ነበር። ሱቅ ከከፈትኩ ለማንም ነገ ና አልልም ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ።»

በቃ ይኸው ነው። ፖሊሲ የለ፣ ራዕይና ተልዕኮ የለ። አንድ የጎደለ ዓምድ ብቻ። እንዲህ ያለው ነገር ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በደንብ የታየው በ2012 ዓ.ም. ነው።

መጋቢት ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ሠርግ ቆመ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ቢሆንም ሰው ከቤቱ አልወጣም፣ ለሽሮ ሜዳ ትልቅ ከሚባሉት ገበያዎች አንዱ እንዳለ ጠፋ። ያኔ ለተከራዮቻቸው ኪራይ የማሩ፣ ግማሹን የተዉ አከራዮች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ ጥሩ ጊዜ ባይሆንም ጥሩ ሰዎች የታዩበት ጊዜ ነበር። ሕጉም አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሎ ነበር። ሸማኔን ግን ማንም አያሰናብተውም። ተቀጣሪ አይደለማ! ክር አይሰጠውም፣ አለቀ። በየትኛውም ወረቀት ላይ ሥራ ያጣ ሰው ሆኖ አይቆጠርም።

ደንበኛዬ የዚያን ሰሞን ዕቁብ ወጥቶላቸው ነበር። ሱቁን ሊያሳድሱበት ያሰቡት ገንዘብ ነው። ቁጭ ብለን አሰላነው። ለእያንዳንዱ ሸማኔ የሚሰጠው ሥራ በግማሽ ቢቀነስና ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢደርሰው ገንዘቡ እስከ ስንት ወር እንደሚዘልቅ ወረቀት ላይ አሳየኋቸው። ለማን እንስጥ፣ ማንን እንተው የሚለውን ጥያቄ ግን እንድናነሳው እንኳ አልፈለጉም። ክሩ ተከፋፈለ። ነጠላው እየተሸመነ መጣ፣ ሲመጣ ተከፈለ፣ መደርደሪያው ሞላ፣ ከዚያም የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ እስከ ጣሪያው በነጠላ ተሸፈነ። ገዢ ግን አልነበረም። በንጹህ የንግድ ሒሳብ ስታዩት የማይሸጥ ዕቃ ማከማቸት ነው። ሱቁ ሳይታደስ ቀረ፤ ወለሉ እስካሁን ያው አሮጌው ነው። ገበያው ሲመለስ ግን በሰፈሩ ክር ይዞ ሸማኔ የሚፈልገው ነጋዴ ብዙ ነበር፤ እሳቸው ጋ ግን ሸማኔዎቹ ሁሉ ነበሩ። ይህን ሽልማት ነው ብዬ አላቀርበውም። ገበያው ባይመለስም ኖሮ የሚያደርጉት ያንኑ ነበር።

ከራስ ቁስል የተነሳ ንግድ የሚለው ነገር በትልልቁም ቦታ ይታያል። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ልጅ ሆነው የወር አበባቸውን እንደ ነውር ደብቀው ነው ያሳለፉት፣ እንደ እናቶቻችን ሁሉ። አሜሪካ ሄደው ኬሚካል ምህንድስና ተማሩ። ተመልሰው ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የንጽህና መጠበቂያ ፈጠሩ፣ የፈጠራ መብቱንም አስመዘገቡ፣ መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መረጣቸው። የሚሠሩት ዕቃ ራሱ ኃላፊነቱ ነው፤ ከትርፉ ላይ ተቆርሶ የሚሰጥ ሌላ ነገር መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ቤተልሔም ጥላሁንም እንዲሁ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሶል ሬብልስን የጀመረችው ባደገችበት ዘነበወርቅ ነው፣ አለርት ሆስፒታል ያለበት ሰፈር። እጃቸው ሙያ ያለው ሥራ ያጡ ጎረቤቶቿን እያየች ነው ያደገችው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ወስዳ ለዓለም የሚሸጥ ጫማ አደረገችው።

ግን ተቸግሮ ያደገ ሁሉ እንዲህ አይሆንም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። «እኔም ተርቤ ነው እዚህ የደረስኩት» ብሎ ሠራተኛውን የሚያስርብ ሰው አጋጥሞኛል፣ ያውም በኩራት። አንዱን «ነገ ና» የሚለው ቃል ሰው ያደርገዋል፣ ሌላው ተራው ሲደርስ እሱም ‘ነገ ና’ ባይ ይሆናል። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። እንደሚመስለኝ ሴትየዋ ለእናታቸው ቃል ገብተው ነበር። ጮክ ብለው ተናግረውታል። በልብ ብቻ ያለ ጥሩ ሐሳብ ገንዘብ ሲያጥር በቀላሉ ይቀየራል፤ የሚጠይቅህ ሰው ካለ ግን ይከብዳል።

ስለ እሴት ስንጽፍ ሁሌ የምንዘለው አንድ ነገር አለ። «ሠራተኞቼን እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው» የሚሉ አሠሪዎች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከልባቸው ነው። ሠራተኛ ሲያገባ ይሰጣሉ፣ ሲያዝን ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ልጅ ሲታመም ያሳክማሉ። ይህ የኛ ወግ ነው፣ ደስም ይላል። ነገር ግን የነዚያን «ልጆች» ፋይል ስትከፍቱ አንዳንድ ጊዜ የሥራ ውል አታገኙም። የዓመት ፈቃድ አልተመዘገበም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ «እንተያያለን» ሆኖ ይቀራል። ሠራተኛው ደግሞ አይጠይቅም፤ ባለፈው እናቱ ሲሞቱ ድንኳን የተከሉለት ሰውዬ ናቸው፣ እንዴት ይጠይቅ? ውለታ አፍ ይዘጋል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ መጀመሪያ መብቱ ይሰጥ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግነት ይሁን እላለሁ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ደግነቱ ዕዳ ይሆናል።

አንድ ድርጅት መዝገቡን እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። የጡረታውን ነገር ታውቃላችሁ፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ ሁለቱ ተደምሮ ለፈንዱ ገቢ ይሆናል። እዚያ ግን ሰባቱ በየወሩ ከሠራተኛው ይቆረጣል፣ ፔሮሉ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ገቢ የተደረገበት ደረሰኝ ግን ለረጅም ጊዜ የለም። በዚያው ጊዜ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ምሽት ላይ የተሰጠ ትልቅ ገንዘብ ተመዝግቧል፤ ፎቶውም በፍሬም ሆኖ እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቅሏል። ያ ገንዘብ የማን ነው? ለተቸገሩ ደርሷል፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን የተሰጠው ከጥበቃው እርጅና ላይ ተወስዶ ነው። ሥራውን አልያዝኩም። ሰውየው ክፉ ሰው ነው ብዬ አላምንም፤ ሲያወራ ልብ ይነካል። ኃላፊነቱ ግን የሚጀምረው ራቅ ካሉት ሰዎች ነበር፣ ፎቶ የሚነሱት እነሱ ስለሆኑ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የቅርቡ ይቅደም ባይ ነኝ።

የመተዳደሪያ ሰነድ ያላቸው ትልልቅ ኩባንያዎችስ? እነሱም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በዓለም የታወቁ የልብስ ብራንዶች መጡ። ሁሉም ስለ ሠራተኛ ክብር የሚናገር በደንብ የተጻፈ የሥነ ምግባር መመሪያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ሰብአዊ መብት ማዕከል ባወጣው ሪፖርት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ሕግ አልጣሱም፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረንም። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ፣ ቁጥሩን ግን ራሱ አልቆረጠም። እንግዲህ ሕግ ዝም ሲል ነው የሰው እሴት የሚፈተነው። ሐዋሳ ላይ ችግሩ የክፉ ሰዎች መሰብሰብ አይመስለኝም። ደመወዙን የሚወስነው ሰውና በደመወዙ የቤት ኪራይ የምትከፍለዋ ልጅ አይተዋወቁም። በመካከላቸው ገዢው፣ አቅራቢው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ የዋጋ ድርድሩ አለ። የእያንዳንዱ እሴት በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እየሳሳ እሷ ጋ ሲደርስ 26 ዶላር ሆነ። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፣ ከመጡት ትልቁ፣ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ፣ በ2021 መጨረሻ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያ ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ለማስገባት ከሚፈቅደው ከአጎዋ ወጣች። ሥራ ያጡት ልጆች በውሳኔው ጠረጴዛ ላይ አልነበሩም።

ስለዚህ የባለቤቱ ልብ ብቻውን አይበቃም። ባለቤት ያረጃል፣ ይሸጣል፣ ይሞታል። ሎረንስ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ሽማግሌው ከወንበሩ ሲነሱ እሴታቸውም አብሯቸው ወጣ። በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሆነን የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ የፓታጎንያ መሥራች ኢቮን ሹናርድ ነው። የሚገርመው ፓታጎንያ የማልደን ሚልስ የቅርብ ደንበኛ ነበር፤ የፍሊሱን ጨርቅ አብረው ነው ያሳደጉት። ሹናርድ ተራራ ወጪ ነው፣ የሚወደው ድንጋዩንና ዱሩን ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሽያጩ አንድ በመቶ ለተፈጥሮ ጥበቃ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ከሽያጩ ነው። ትርፍ ባይኖርም ይሰጣል ማለት ነው፤ ለኛ ለሒሳብ ሰዎች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። ከዚያም በ2022 እሱና ቤተሰቡ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተውን ኩባንያ አሳልፈው ሰጡ። ድምፅ ያለው 2 በመቶ ድርሻ የኩባንያውን ዓላማ እንዲጠብቅ ለተቋቋመ ባለአደራ፣ ድምፅ የሌለው 98 በመቶ ደግሞ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት። እሱ ቢሞት፣ ልጆቹ ሐሳባቸውን ቢለውጡ፣ ማንም መጥቶ ዓላማውን መሸጥ እንዳይችል ነው። ስለ ግብሩ ጉዳይ የሚከራከሩ አሉ፤ ይከራከሩ። እኔን የሳበኝ አንድ ሰው የሚያምንበትን ነገር በሚያስገድድ ወረቀት ላይ ማስፈሩ ነው።

አሁን የያዝኩት ሥራም ይህን ይመስላል፣ በጣም በትንሹ። የሽሮ ሜዳዋ ደንበኛዬ ደክሟቸዋል፤ ሱቁን ልጃቸው እየተረከበች ነው። ገበያውም ተቀይሯል። አሁን ብዙው ትዕዛዝ በቴሌግራም ይመጣል፤ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ለሠርግና ለክርስትና። ደንበኛው ጥሩ ገንዘብ ይከፍላል፣ ግን ልብሱ ሲደርሰው ነው። በመሃል ሳምንታት ያልፋሉ። የእናትየው ደንብ ለእጅ በእጅ ንግድ የተሠራ ነው፤ በዚህ አዲስ አሠራር ‘ነገ ና’ ማለት ያለ ማንም ክፋት በራሱ ይመጣል። ልጅቷ ይህን ገና ሳይከሰት አየችው። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ግማሹን ቀብድ መቀበል ጀመረች፣ ቀብዱም ለብቻው የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሒሳብ ለሸማኔ ካልሆነ በቀር ለምንም አይወጣም። ለሱቅ ኪራይም ቢሆን።

ቀጥሎ ውጭ አገር ካለው ወንድሟ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው። የመመሥረቻ ጽሑፉ ረቂቅ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ጠይቃለች፦ የተረከብነው ሥራ ዋጋ በተረከብንበት ቀን ይከፈላል፤ ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ሳይሞላ ለባለድርሻ ትርፍ አይከፋፈልም። ወንድሟ በስልክ ብዙ ጠየቀኝ። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ሱቁ ቢከስርስ? ብድር ብንፈልግ ባንኩ ምን ይላል? ሸማኔ ሥራውን አበላሽቶ ቢያመጣስ? ላልተሠራ ሥራ ክፈሉ የሚል አንቀጽ እንዳልሆነ፣ የተረከቡትን ብቻ በቀኑ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ መሆኑን አስረዳሁት። በሐሳቡ ተስማምቷል። አሁን የሚከራከሩት በመጠባበቂያው መጠን ላይ ነው። እሷ የሦስት ወር ይሁን ትላለች፣ እሱ የአንድ ወር ይበቃል ባይ ነው። እኔ የ2012ቱን ገጾች ከእናትየው ደብተር ላይ ፎቶ አንስቼ ለሁለቱም ልኬላቸዋለሁ፤ ዕቁቡ እስከ ስንተኛው ወር እንደዘለቀ ራሳቸው እንዲቆጥሩት።